የአዋላጇ ቮልስ

ሲስተር ዘርፌ መኪና መንዳት የተማረችው ከባሏ ከአረጋዊ ነው። አረጋዊ ወሎ ሰፈር ጋራዥ የነበረው መካኒክ ነበር። በጉበት ታሞ ሲሞት ልጅ አልተወላትም፣ የራሷ ቤት አልተወላትም፤ የተወላት አንዲት ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ናት። የባሏ ዘመዶች «ሴት ልጅ መኪና ምን ይሠራላታል፤ ትሽጠውና እንካፈል» እያሉ አጉረመረሙ። እሷ ግን አርባውን አወጣች፤ በማግስቱ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ የማዋለጃ ቦርሳዋን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ሞተሩን አስነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ዘመዶቹ ቂም እንደያዙ ቀሩ።

የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አምቡላንስ አለው ይባላል፤ ጎማ የሌለውን ነገር አምቡላንስ ማለት ከተቻለ ማለቴ ነው። አስተዳዳሪው ዘርፌን ከቮልሷ ስትወርድ ባየ ጊዜ ዓይኑ በራ። «በገዛ መኪናሽ ቤት ለቤት እየዞርሽ ብታዋልጂ የቤንዚን ኩፖን እንሰጥሻለን» አላት። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ጥገናው በእሷ፤ ቤንዚኑ በመንግሥት። ደስ ብሏት ተስማማች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። ነገር ግን ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ከተማ ውስጥ ኩፖን የሚገፋ ጅል አልተፈጠረም፤ እኔም ብሆን ዓይኔን አላሽም ነበር።

ለጥቂት ዓመታት ነገሩ ሁሉ እንዳማረበት ሄደ። ከወሎ ሰፈር እስከ ቦሌ ሚካኤል፣ ከዚያም አልፎ እስከ ገርጂ ማሳ ድረስ፣ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ውስጥ ሴቶቹ ከበው «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ፣ ከውጭ ክላክስ ይሰማል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያን ጊዜ «መጣች! መጣች!» ይባልና በሩ ወለል ይላል። «ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ልጆች ከቮልሷ ኋላ ኋላ እየሮጡ «ሲስተር ልጅ ይዛ መጣች!» ይሉ ነበር፤ ሕፃን የሚወጣው ከመኪናዋ ሆድ ነው ብለው የሚምሉም ነበሩ። ዘርፌ ራሷ አልወለደችም። ግን በዚያች ክላክስ የሚከፈትላትን በር ሁሉ የራሷ ቤት አድርጋ ታየው ነበር፤ ለዚህ ነው መኪናዋን ከዓይኗ ብሌን ለይታ የማታያት።

ከዚያ ሰባ ዓመተ ምሕረት ገባ። ሰው ሲመሽ ከቤቱ ይወሰዳል፤ ሲነጋ መንገድ ዳር ይገኛል። እናት ለልጇ አምርራ ማልቀስ የተከለከለችበት ዓመት ነው። ስለዚያ ዓመት ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም፤ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረም ከእናቱ ዝምታ ሰምቶታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ጤና ጣቢያው መጣ። ሽፈራው ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጨዋ፣ አንገቱን የደፋ ልብስ ሰፊ። የመጀመሪያ ሴት ልጁን ያዋለደችለት ዘርፌ ናት። አሁን ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው ለስላሳ ነው፣ ልክ ሊለካት የመጣ ይመስል።

«ጓድ ዘርፌ፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪናሽን ከሥራ ስትወጪ ለቀበሌ ታስረክቢያለሽ። ጠዋት መጥተሽ ትወስጃለሽ» አላት።

«ለምን ሥራ?»

«ለአብዮታዊ ግዳጅ።»

«መኪናዋ እኮ የኔ ናት። የጤና ጣቢያው ንብረት አይደለችም።»

«ቤንዚኑስ የማነው? የሰፊው ሕዝብ አይደለም? ሕዝብ ያበላት ላም የሕዝብ ናት።»

«ቀበሌው ላንድሮቨር አለው። ይቺ አሮጌ ምን ትረባችኋለች?»

ሽፈራው ፈገግ አለና «ያንቺ ትሻላለች» አላት። ለምን እንደምትሻል ግን አልነገራት። ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሄደ፤ አስተዳደጉ እኮ ደህና ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀበሌው ግቢ ስትሄድ ቮልሷ ታጥባ ቆማለች። ዘርፌ መኪናዋን በሳምንት አንድ ጊዜ ብታጥብ ነው፤ አሁን ግን ወለሏ ላይ ያለው የጎማ ምንጣፍ ሳይቀር ተፈግፍጎ ገና ውሃው አልደረቀም። የሹፌሩ መቀመጫ ወደ ኋላ ተስቧል፤ እግሩ ረጅም ሰው ተቀምጦበታል ማለት ነው። የውስጥ መስተዋቱ ደግሞ መንገዱን አያሳይም፤ የኋላውን መቀመጫ ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ወደ ታች ዞሯል። ሁሉን ወደ ቦታው መለሰችና ነዳች። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከማግስቱም በኋላ እንደዚያው ሆነ። ጠዋት ጠዋት ከመንዳቷ በፊት ያንን መስተዋት ዓይኗን ጨፍና ማዞር ጀመረች።

ብርዱ ሲጠና ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የመኪናዋ መስታወት በትንፋሿ ሲደበዝዝ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል የእጅ መዳፍ ይታይ ጀመር። አምስቱም ጣቶች ተለይተው፣ መስታወቱን ከውስጥ ገፍተው። በፎጣ ጠረገችው፤ ጠፋ። በማግስቱ መስታወቱ ሲያልብ መዳፉ እዚያው ቦታ ቁጭ ብሏል። በአልኮል ጠረገችው፣ በሳሙና አጠበችው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል፣ ጠዋት በብርዱ ይመለሳል። የትልቅ ሰው መዳፍ አልነበረም። ዘርፌ ብዙ ደም ያየች ሴት ናት፣ ደም አያስደነግጣትም። ያቺን ደም የሌለባት ንጹሕ እጅ ግን ፈራቻት። ከዚያ ወዲህ የማዋለጃ ቦርሳዋን በኋላ መቀመጫ ላይ አስቀምጣ አታውቅም።

የመንገዱ ነገርም ተለወጠ። ልጆቹ መሮጥ አቆሙ። የሞተሯ ድምፅ ገና ከጥግ ሲሰማ ከፊቷ ያለው መንገድ ባዶ ይሆናል፤ የሱቅ መስኮት ይዘጋል፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት እንስራዋን ጥላ ትገባለች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ ቮልስም ሞተሯ ከወደ ኋላ ነውና ዘርፌ ጉዱን የምትሰማው ካለፈች በኋላ ነበር፤ መስኮት ቀስ ብሎ ሲከፈት፣ ሰው ሲንሾካሾክ። ጤና ጣቢያው መጥቶ አዋላጅ የሚጠራ ሰው እየጠፋ ሄደ። እርጉዞቹ ግን ነበሩ፤ ሆዳቸውን ራሷ ለክታዋለች። ታዲያ የት ነው የሚወልዱት? በማን እጅ?

ነገሩ ሲበዛባት የሠራተኛ ማኅበሩን ሊቀመንበር ዑቕባይን ሄዳ ጠየቀችው። ዑቕባይ የጤና ጣቢያው የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ከመናገሩ በፊት በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ከዚያ ራዲዮ የሚከፍት ሰው።

«ጋሽ ዑቕባይ፣ በሕግ እስቲ ይንገሩኝ። መኪናዬን ለሥራ ስላዋልኳት ብቻ እንዳሻቸው ሊያዟት ይችላሉ?»

«አይችሉም» አላት። «መሥሪያ ቤቱ የቀጠረው አንቺን ነው፣ መኪናሽን አልቀጠረም። ንብረትሽን ለሥራ ያዋልሽው በፈቃድሽ ነው። ለተስማማሽበት ሥራ ብቻ ነው የምትውለው፤ ከዚያ ሌላ ከሆነ ፈቃድሽን ማንሣት መብትሽ ነው።»

«እንግዲያው ላንሣ!»

ዑቕባይ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው። «እህቴ፣ መብትሽ ነው አልኩሽ እንጂ ይቻላል አላልኩሽም። ከአንቺ በፊት አንድ ሰው ‹መኪናዬን አልሰጥም› ብሎ ነበር። መኪናውን አሁንም እናያታለን፣ ሰውየውን ግን አናየውም።» አክሎም «ማንም ጓድ ሊያዘው የማይችል መኪና አንድ ብቻ ነው፤ የማይሠራ መኪና» አላት።

ዘርፌ በዚያ ቀን ሰማችው እንጂ አልተቀበለችውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖባትም ቢሆን የአረጋዊን መኪና በገዛ እጇ መግደል አልሆነላትም። ደግሞስ መኪና ከሌላት ገርጂ ለምታምጥ ሴት እንዴት ትደርሳለች? ነገ ይሻላል፣ ከነገ ወዲያ ይሻላል እያለች ቁልፉን ማስረከቧን ቀጠለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ጤና ጣቢያው ገባች። «አፀደን ይዟታል» ብላ ተንሾካሹካ፣ መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ዘርፌ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች። አፀደ ወሎ ሰፈር የምትኖር የካሳዬ የአናጢው ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባለፈው ስትመረምራት ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያውቅ እጅ ካላገኘ እናቱንም ይዞ ይሄዳል።

ወደ ግቢው ስትቃረብ «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው የሴቶቹ ድምፅ በመስኮት ይሰማ ነበር። ዘርፌ እፎይ አለች። እንደ ልማዷ ክላክሱን ነፋች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ድምፁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። ሴቶቹ የጀመሩትን ስም እንኳ አልጨረሱትም፤ «ማር—» ብለው ቀሩ። ከጎረቤት ግቢ ሕፃን ሲያለቅስ ነበር፣ እሱም አፉን ታፈነ። ዘርፌ ወርዳ በሩን አንኳኳች። «አፀደ! እማማ የሺመቤት! እኔ ነኝ!» ብላ አፀደንና አማቷን ተጣራች። ጆሮዋን ከቆርቆሮው ላይ አደረገች። ከወዲያ በኩል፣ በጣም ቅርብ፣ የሰዎች ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያም ከውስጠኛው ክፍል አንድ ድምፅ መጣ፤ የታፈነ፣ የሚያጉረመርም። ዘርፌ ያንን ድምፅ አወቀችው። ምጥ የያዛት ሴት እንዳትጮህ አፏ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀውባታል።

የሰው ልጅ ሲፈራ ምን ያደርጋል አትበሉ፤ የማርያምን ስም ያቋርጣል፣ የሚወለድ ልጅ ከነእናቱ እስኪሞት ዝም ይላል።

ዘርፌ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። ድምፁ እስከማይሰማበት ነዳችና አቆመቻት፤ ቦርሳዋን ይዛ በእግሯ ሮጠች። በኋላ በኩል ባለው አጥር ገብታ የጓዳውን በር በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ብቻዬን ነኝ። በእግሬ ነው የመጣሁት» አለች። በሩ ገርበብ አለ። የካሳዬ እናት የሺመቤት ፊቷን ብቻ አወጣች፤ ከዘርፌ ትከሻ ኋላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፣ ከዚያ በክንዷ ጎትታ አስገባቻት።

ስለ ምጡ ብዙ አላወራም፤ ልጁ በመቀመጫው መጣ፣ ዘርፌም የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ጥሯት እንጂ!» ስትላቸው ድምፅ ማውጣት አቃታቸው። ዘርፌ ራሷ እየሠራች፣ በላብ ተጠምቃ፣ ብቻዋን «ማርያም፣ ማርያም» ትል ነበር። ወንድ ልጅ ነው፤ ከቆይታ በኋላ አለቀሰ። እልል ያለ የለም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውም ለአፀደ በጆሮዋ ነው የተነገራት።

«ካሳዬን ጥሩትና ልጁን ይይ» አለች ዘርፌ እጇን እየታጠበች።

የሺመቤት ወደ መሬት አየች። አፀደ ናት ከተኛችበት የተናገረችው፣ ጨርቅ የነከሰ ከንፈሯ ደምቶ።

«ባለፈው ሳምንት ወሰዱት፣ ሲስተር። ምሽት ላይ ክላክስዎን ሰማሁ። ካሳዬ ‹ተዪ፣ አትክፈቺ› አለኝ። እኔ ግን ‹ሲስተር ናት እኮ፣ ሆዴን ልታይልኝ ነው› ብዬ ሮጬ ከፈትኩ። እርስዎ ነዎት ብዬ እኮ ነው የከፈትኩት።»

ሽፈራው «ያንቺ ትሻላለች» ያላት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ላንድሮቨር ሲቆም ሰው በጓሮ ይሸሻል። የእሷ ቮልስ ስትቆም ግን እርጉዟ ራሷ እየሮጠች ትከፍታለች። ሽፈራው ይህን ከማንም አልሰማውም፤ የገዛ ሚስቱ ባማጠች ቀን፣ በገዛ በሩ ላይ አይቶታል። ዘርፌ የአፀደን እግር ይዛ አለቀሰች። ይቅርታ የሚባል ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ትንሽ ሆነባትና ዋጠችው።

ከዚያ ቤት ወጥታ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ከቦሌ ሚካኤል ወዲያ ባለው ሜዳ አቆመቻት፣ የአረጋዊን መፍቻ ይዛ ከሥር ተኛች፣ የሞተሩን ዘይት እስከ መጨረሻው ጠብታ ሣሩ ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ አስነሥታ በቦሌ መንገድ ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነዳች፤ ዞራ ተመለሰች፣ ደግማ ነዳች፤ ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጣ። ሞተሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ብረት ከብረት ይፋጭ ጀመር፣ በመጨረሻ ከኋላዋ ጭስ ተነሥቶ መኪናዋ አንድ ጊዜ ዘለለችና ቆመች። ዘርፌ እጇን ከመሪው ላይ ሳታነሣ ቁጭ አለች። አረጋዊን ሁለተኛ የቀበረችው ያን ቀን ነው። ማንም ሊገፋላት አልቀረበም።

ሽፈራው መጥቶ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አየ። «ብልሽት ነው?» አላት።

«ብልሽት ነው። አሮጌ ናት ብዬህ አልነበር?»

ቆጣ ይላል፣ ያስራታል፣ ይመታታል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን እጁን በመሐረብ ጠረገና በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ግድ የለም፣ አሁን ያለ እሷም ይሆናል» ብሎ ሄደ። ዘርፌ ቁጣውን ብታይ ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ በእግሯ ሆነች። ጫማዋ ተበላ፣ እግሯ አበጠ፤ ልቧ ግን ቀለላት። ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ገርጂ ወደምትኖረው ሶሬቲ ሄደች። ሶሬቲ የመውለጃዋ ቀን የቀረበ የገበሬው የዱባለ ሚስት ናት። ዘርፌ አጥሩ ላይ ቆማ ተጣራች። ሶሬቲ ሆዷን ደግፋ ወጣችና አጥሩን ሳትከፍት፣ በእንጨቶቹ መካከል አየቻት።

«መኪናዎስ የት አለች?»

«ሞተች፣ ሶሬቲ። ሰኞ ዕለት ሞተች። ከእንግዲህ አትፍሪ።»

የሶሬቲ ፊት አመድ መሰለ። «አዬ ሲስተር… ታዲያ ትናንት አመሻሽ ላይ በራችን ላይ ክላክስ የነፋው ማነው? የእርስዎን ክላክስ፣ እንደ እርስዎ አድርጎ?»

ዘርፌ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። የቮልሷ ሬሳ ከሰኞ ጀምሮ የባሏ ወዳጅ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ጠዋት በዓይኗ አይታዋለች። ግን ክላክስ የሌለው መኪና የለም፤ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ለመንፋትም አዋላጅ መሆን አያስፈልግም። መኪናዋን ቀሟት ነበር፣ መኪናዋን ገደለች። ስሟን መውሰዳቸውን ግን አሁን ነው ያየችው።

«ከፈታችሁ?» አለች።

«ዱባለ ከፈተ» አለች ሶሬቲ። «‹ሲስተር በምሽት ውጭ አትቁም› ብሎ።»

ዘርፌ በዚያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያው አልተመለሰችም። ከገርጂ ተነሥታ በእግሯ ወደ ቦሌ ሚካኤል፣ ከዚያም ወደ ወሎ ሰፈር፣ እርጉዝ ባለችበት በር ሁሉ ላይ ቆመች። ይህን በየበሩ የሚናገር ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ከሴቶቹ አንዷ ለቀበሌ ብትናገር ሌሊቱን አትጨርሰውም። ሴቶቹም ያውቃሉ፤ ሰምተው በራቸውን ዘጉ። ድምፅዋ ጎርንኖ፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች፣ የምትናገረው አንድ ነገር ነበር።

«ክላክስ ነፍቶ የሚመጣ እኔ አይደለሁም። ምጥ ይዞሽ ቢሆን፣ ደም እየፈሰሰሽ ቢሆን፣ ልጁ እግሩ ወጥቶ ቢሆን እንኳ፣ በክላክሴ ለመጣ ሰው በርሽን እንዳትከፍቺ።»

እንዲህ ብላ ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች።